ለቆመ ዛፍ ማን ይከፍላል?

ከጎንደር ተነሥቶ በአዘዞ በኩል ወደ ቆላ ድባ፣ ከዚያም ወደ ጎርጎራ የሚወርድ መንገደኛ መስኮት አጠገብ ከተቀመጠ አንድ ነገር ሳያስተውል አይቀርም። ኮረብታው ተራቁቷል፤ ሜዳው እስከ ጫፉ ታርሷል፤ ዛፍ ተብሎ የሚታየው በየጓሮው የተሰለፈው ባሕር ዛፍ ነው። በዚህ መካከል ግን እዚህም እዚያም ጠቆር ያለ አረንጓዴ ክብ ብቅ ይላል። ውስጡ ምን እንዳለ ለማወቅ መጠጋት አያስፈልግም። ያገሩ ሰው ደኑን ባየ ጊዜ ቤተ ክርስቲያኑን እንዳየ ቆጥሮ ከተቀመጠበት ያማትባል።

ይህን ክብ ማን አቆየው ቢባል ሁላችንም የምንሰጠው መልስ አንድ ነው፤ ፈሪሃ እግዚአብሔር። መልሱ ትክክል ነው፤ ግን ግማሽ ነው። ሌላው ግማሽ ሒሳብ ነው። እምነት ዛፉ እንዳይቆረጥ ቢያስፈራም፣ ዛፉን ሳይቆርጥ የሚኖር አገልጋይ እህል ይፈልጋል። የአየር ንብረት ለውጥ ባስጨነቀው በዛሬው ዘመን የሃይማኖት አባቶች ስለ ፍጥረት ጥበቃ፣ ባለገንዘቦች ደግሞ ሥነ ምግባርን ስለጠበቀ መዋዕለ ንዋይ አብዝተው ሲናገሩ ስንሰማ፣ የጎንደርንና የደምቢያን የቆየ ሒሳብ ገልጦ ማየት ሳይጠቅም አይቀርም።

አስቀድመን ግን አንድ ተረት ከመንገድ እናንሣ። ‹‹ከመቶ ዓመት በፊት ከኢትዮጵያ መሬት 40 በመቶው በደን የተሸፈነ ነበር›› የሚለውን ያልሰማ የከተማ ሰው የለም። በትምህርት ቤት ተምረነዋል፤ በየግድግዳው ተለጥፎ አይተነዋል። ጄምስ ማካን የተባለው አሜሪካዊ የታሪክ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1997 ባሳተመው ጥናት የዚህን ቁጥር ምንጭ ወደ ኋላ ተከትሎ ቢሄድ የሚጨበጥ መሠረት አጣበት። ጎንደርን አብዝቶ ያጠናው ዶናልድ ክራሚም በወሎ፣ በጣሊያን ዘመን የተነሡ ፎቶግራፎችን ይዞ ሥፍራዎቹ ድረስ በመሄድ ከስድሳ ዓመት በኋላ ያለውን ገጽታ አነጻጽሯል። ያገኘው ነገር ብዙዎችን አስገርሟል፤ በብዙው ሥፍራ ዛፉ በዝቶ እንጂ አንሶ አላገኘውም። የበዛው ግን ገበሬው የተከለው ባሕር ዛፍ ነበር።

ይህ ለጎንደር ምን ይነግረናል? ፋሲለደስ በ1628 ዓ.ም. ግድም ከተማውን ሲቆረቁሩ ደጋው ለብዙ ዘመን የታረሰ አገር ነበር። ከዚያ በኋላ ደግሞ ከተማው ሁለት መቶ ዓመት ሙሉ እንጨት እየማገደ፣ ምሰሶና ማገር እየቆረጠ ኖረ። ስለዚህ በየአጥቢያው የምናየው ክብ ደን፣ ትናንት አገሩን ሞልቶ ከነበረ ጫካ ሳይታሰብ የተረፈ ቁራጭ አይደለም። ማረሻ እየዞረው ሆን ተብሎ የተጠበቀ ነገር ነው። የጣሊያን አውሮፕላኖች እ.ኤ.አ. በ1938 ያነሡአቸውን የሰማይ ፎቶግራፎች በቅርቡ ከተነሡት ጋር ያስተያዩ ተመራማሪዎችም ይህንኑ ነው ያዩት። የደቡብ ጎንደር የቤተ ክርስቲያን ደኖች ያን ጊዜም በእርሻ መካከል ብቻቸውን ቆመው ነበር፤ ዛሬም አብዛኞቹ አሉ፤ እንዲያውም የሰፉ አሉባቸው። የጠፋው በደኑና በእርሻው መካከል የነበረው ቁጥቋጦ ነው፤ በቦታው ባሕር ዛፍ ገብቷል። ወደዚህ ባሕር ዛፍ እንመለሳለን።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንሂድ። የጎንደር ነገሥታት ለደብር ሀብት ሲሰጡ ብር ቆጥረው አልነበረም፤ መሬት ነበር የሚሰጡት፤ ትክክለኛው አነጋገር ከመሬቱ የሚገኘውን ግብር የመብላት መብት ነው። እቴጌ ምንትዋብ ደብረ ፀሐይ ቁስቋምን ሲያሠሩ ሕንፃውን ብቻ አላቆሙም፤ ቀሳውስቱና ደብተራዎቹ የሚኖሩበትን ርስተ ጉልትም ሠርተው ነው የሄዱት። ስጦታው በወንጌሉ ባዶ ገጽና ጠርዝ ላይ ይጻፋል፤ ምስክሮች በስማቸው ይጠራሉ፤ በመጨረሻም ይህን ያፈረሰ ውጉዝ ይሁን ተብሎ ይታሰራል። ባንክ በሌለበት አገር ከዚህ የጠነከረ የውል ማኅተም አልነበረም። ከከተማው በቅርብ ርቀት የተዘረጋው ለሙ የደምቢያ ሜዳም ለቤተ መንግሥቱና ለአድባራቱ ጎተራ ነበር።

ልብ ይባል፤ ከእነዚህ ውሎች መካከል ዛፍ ጠብቁ የሚል አልነበረም ዋና ጉዳዩ። የተከፈለው ለቅዳሴው፣ ለማኅሌቱና ለተዝካሩ ነው። ነገር ግን አገልግሎቱ የራሱ ቀለብ ስላለው ቅጥር ግቢው ገንዘብ እንዲያስገባ የሚጠብቅ ሰው አልነበረም። ጥዱ፣ ወይራው፣ ኮሶውና ዋንዛው ቆመው ከመኖር ሌላ ሥራ አልተሰጣቸውም። የቤተ ክርስቲያን ልብስ ናቸው፤ መቅደሱን ይሸፍናሉ፤ ባሕታዊ ይጠጋባቸዋል፤ ሙት ያርፍባቸዋል፤ ሰንበቴ በጥላቸው ይበላል። እንጨት ቢቆረጥ እንኳ ለራሷ ለቤተ ክርስቲያኗ ጥገና ወይም ለድግሷ ነው። ድርቡሾች በ1880 ዓ.ም. ጎንደርን ሲያቃጥሉ የተረፈውን ደብረ ብርሃን ሥላሴን ያየ ሰው፣ ከጣሪያው መላእክት ሌላ በግንቡ ውስጥ ያሉትን ዛፎችም ሳያስታውስ አይቀርም።

ይህን ስንል ያለፈውን ዘመን እንድናመልከው አይደለም። የዚያ ጥላ ዋጋ የተከፈለው በገባሩ እህል ነው። የራሱ ልጅ ተርቦ ለደብሩ የሰፈረ ገበሬ ስለ ወይራው ውበት ቢጠየቅ ምን ሊመልስ እንደሚችል ለመገመት አያስቸግርም። በ1957 ዓ.ም. ተማሪው ‹‹መሬት ለአራሹ›› ብሎ አደባባይ ሲወጣ ከባዶ ሜዳ ተነሥቶ አልነበረም።

ከዚያ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. መጣ። የገጠር መሬት ሁሉ የሕዝብ ንብረት ነው ተባለ፤ ጉልቱም ሰሞኑም በአንድ አዋጅ አከተመ። ቅጥር ግቢው ከነዛፉ ቀረ፤ ቀለቡ ሄደ። እንደ አጋጣሚ ሆኖ ቤተ ክርስቲያኗ በ1965 ዓ.ም. ቃለ ዐዋዲ የሚባለውን ደንብ አውጥታ አጥቢያዎች በሰበካ ጉባኤ እንዲተዳደሩና ምእመናን መዋጮ እንዲከፍሉ መንገድ ጀምራ ነበር። ብዙውን አጥቢያ ከመዘጋት ያተረፈው ይህ ነው። ያም ሆኖ የአንድ ገጠር አጥቢያ ገቢ ምንድን ነው? የሰበካ መዋጮ፣ ስእለት፣ በንግሥ ቀን ሙዳየ ምጽዋት ውስጥ የሚገባ ሳንቲም። ዝናብ በቀረበት ዓመት እርሱም ይቀራል።

ባሕር ዛፉ የገባው በዚህ ቀዳዳ ነው። ተተክሎ ከአምስት ስድስት ዓመት በኋላ ይቆረጣል፤ ለቤት መሥሪያ ይሸጣል፤ ተቆርጦም መልሶ ያቆጠቁጣል። የሣር ክዳኑ በቆርቆሮ የተለወጠው፣ የካህኑ ደመወዝ የተሟላው በእርሱ የሆነበት አጥቢያ ጥቂት አይደለም። ቄሰ ገበዙን ለመውቀስ የሚቸኩል የከተማ ሰው መጀመሪያ የራሱን መዋጮ ይክፈል። ሆኖም ዋጋ አለው። ባሕር ዛፍ ውሃ ይወዳል፤ ከሥሩም የአገር ችግኝ እንደ ልቡ አይበቅልም።

ብዙ አንባቢ በ‹‹እመጓ›› ደራሲነቱ የሚያውቀው ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ በሙያው የደን ሥነ ምህዳር ተመራማሪ ነው። በደቡብ ጎንደር 28 የቤተ ክርስቲያን ደኖችን አጥንቶ 168 ዓይነት ዛፍ፣ ቁጥቋጦና ሐረግ መዝግቧል። የሚያሳስበው ግን ከቁጥሩ ቀጥሎ የመጣው ነው። ከብት ወደ ደኑ እየገባ ችግኙን ይግጠዋል፣ ይረግጠዋል። በአፈሩ ውስጥ ተኝቶ ቀኑን የሚጠብቅ የዛፍ ዘር ደግሞ ጥቂት ነው። ስለዚህ ሽማግሌው ዛፍ ሲወድቅ ተተኪ ላይኖረው ይችላል፤ ከውጭ ሲያዩት የለመለመው ደን ወራሽ የሌለው ቤት ነው። መድኃኒቱ ቀላል ሆኖ ተገኘ፤ የድንጋይ ካብ። ዓለማየሁ ከአሜሪካዊቷ ተመራማሪ ማርጋሬት ሎማን ጋር ሆኖ ከውጭ ገንዘብ አሰባሰበ፤ ካህናቱና ምእመናኑ ከየእርሻው ድንጋይ እየለቀሙ ደናቸውን ካቡ። ገበሬው እርሻው ከድንጋይ ጸዳለት፤ ደኑም በር አገኘ።

የቆላ ድባ ሰው ለዚህ ሁሉ ምን አገባው የሚል ቢኖር ወደ ጣና ይውረድ። መገጭና ድርማ ከጎንደር ዙሪያ ኮረብቶች የታጠበውን አፈር ተሸክመው በደምቢያ አልፈው ሐይቁ ውስጥ ይደፉታል። እምቦጭ በጣና ላይ መታየቱ የተነገረው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው፤ ክፉኛ ከተወረሩት ዳርቻዎች አንዱ የደምቢያ ነው። አረሙ ከአፈርና ከማዳበሪያ እጥበት የሚመጣውን ምግብ ይወዳል፤ ሙቀትም ይስማማዋል። ገበሬውና ዓሣ አስጋሪው እስከ ወገቡ ውሃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ሲነቅለው ከረመ። በጥቅምት 2010 ዓ.ም. ከኦሮሚያ የመጡ ወጣቶች ‹‹ጣና ኬኛ›› ብለው አብረውት ጭቃ ውስጥ ገቡ። ኮረብታው ላይ የቆመ ዛፍ የሚይዘው አፈር ሐይቁ ዳር ላለው ሰው መረቡ ነው፤ ግን ደኑን ያቆየው አጥቢያ ከታች ካለው ሰው አንድ ሳንቲም ጠይቆ አያውቅም።

በሌላው ዓለም ምን እየተደረገ ነው? የዓለም አብያተ ክርስቲያናት ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ2014 ገንዘቡን በከሰልና በነዳጅ ላይ ላለማዋል ወሰነ። በ2015 የካቶሊኩ ጳጳስ ፍራንሲስ ስለ ምድር ጥበቃ ሐዋርያዊ መልእክት ጻፉ፤ በዚያው ዓመት የእስልምና ምሁራን ኢስታንቡል ላይ መግለጫ አወጡ። መልካም ነው። ከነዳጅ ኩባንያ የሚያወጣው አክሲዮን ለሌለው ለገጠር አጥቢያ ግን ይህ ዜና እንጂ ገቢ አይደለም።

ወደኛ ቀረብ የሚለው የሁምቦ ነገር ነው። በወላይታ፣ የክርስቲያን ድርጅት የሆነው ወርልድ ቪዥን ከገበሬዎች ማኅበራት ጋር ሆኖ 2,728 ሄክታር የተራቆተ ተራራ እንዲያገግም አደረገ፤ የዓለም ባንክ ፈንድም ዛፎቹ ከአየር ከሚስቡት ካርቦን 165,000 ቶን ለመግዛት ተዋዋለ። ለአካባቢው ሕዝብ ገንዘብ ገባ፤ ተራራውም ለመለመ። ሕጉን ጠጋ ብሎ ያነበበ ግን ይደነግጣል። እንዲህ ያለው ገበያ የሚከፍለው ለተጨመረው ነው፤ አስቀድሞ ለነበረው አይከፍልም። ተራራውን ያራቆተ መልሶ ቢያለብስ ይከፈለዋል፤ ሦስት መቶ ዓመት ሳይቆርጥ የጠበቀ ግን የጨመረው ነገር የለምና ባዶ እጁን ይመለሳል። ባሕር ዛፉም የሚከፍለው ሲወድቅ ነው። ለቆመ ወይራ የሚከፍል የለም።

ወለድን በመጸየፍ ሁለቱም ሃይማኖቶች የቆየ ሕግ አላቸው። በ325 የተሰበሰበው የኒቅያ ጉባኤ ካህናት ወለድ እንዳይቀበሉ አግዷል፤ በእስልምና ሪባ ሐራም ነው። ብሔራዊ ባንክ እ.ኤ.አ. በ2011 ከወለድ ነፃ አገልግሎትን ፈቀደ፤ በ2021 ዘምዘም ባንክ ራሱን ችሎ ሥራ ጀመረ። ከጎንደር የአዲስ ዓለም ነጋዴ ጀምሮ ብዙ ሙስሊም ከኅሊናው ሳይጣላ ባንክ ቤት መግባት ቻለ። ይህም ቢሆን የንግድ ገንዘብ ነው፤ ትርፉን በዓመት በሁለት ዓመት ይጠብቃል። ጥድ ግን ለአቅመ ጥላ ለመድረስ የሰው ዕድሜ ይፈጃል።

እንግዲህ የሚቀረው እንደ ድሮው ውል ያለ ነገር ነው፤ ገባር የማያስለቅስ፣ ግን እንደ ጉልቱ በየዓመቱ የሚደርስ። ከጎንደር ወጥተው አዲስ አበባም ዋሽንግተንም የተቀመጡ የአጥቢያ ልጆች ዛሬም ገንዘብ ይልካሉ። የሚልኩት ለቆርቆሮ፣ ለሥዕል፣ ለድምፅ ማጉያ ነው፤ በንግሥ ቀን ስማቸው ይነበባል። ለጥበቃ ሠራተኛ ደመወዝ፣ ለፈረሰ ካብ ማደሻ፣ ባሕር ዛፉ ሳይሸጥ ለሚጎድለው የካህን ቀለብ ይሁን ብሎ በየዓመቱ የሚልክ ሰው በሰበካ ጉባኤው መዝገብ ቢፈለግ አይበዛም። ያ መዝገብ እንደ ድሮው ወንጌል ሰፊ ጠርዝ አለው።