«ፎገራ» እንዴት «?ገራ» ሆነ፦ የአንድ ሰርቨር አፕግሬድና የፊደላችን ታሪክ

ይሄ ጽሑፍ ረዘም ይላል፤ ሻይ ቢጤ ያዙ።

ከአንበሳሜና ከወረታ ሽማግሌዎች የተሰበሰበ ትረካ የያዘች አንዲት ትንሽ የማኅበር ድረ ገጽ አለች። ሩዝ ፎገራ ላይ እንዴት እንደተለመደ፣ ጉማራና ርብ ሲሞሉ ሰውና ከብቱ የት ይጠጋ እንደነበር፣ የትኛው መንደር ከየትኛው ጋር ውኃ ይካፈል እንደነበር። ጽሑፉ የገባው በ2000 ዓ.ም. አካባቢ ነው። ከተራኪዎቹ አብዛኞቹ ዛሬ በሕይወት የሉም።

ሰርቨሩን አፕግሬድ ያደረግኩት እኔ ነኝ። ስጨርስ ገጹን ከፈትኩት፤ ነጭ ወረቀት። ይሄ ብዙ አላስደነገጠኝም። ድረ ገጹ የተሠራበት የድሮ ፒኤችፒ ኮድ ከዳታቤዙ ጋር የሚነጋገርባቸው ትእዛዞች ፒኤችፒ 7 ሲወጣ፣ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2015፣ ጨርሰው ተወግደዋል። በአዲሶቹ ተካኋቸውና ገጹ ተከፈተ።

አማርኛ ግን የለም። ከላይ እስከ ታች በራሷ ላይ ጭረት ያለባት የላቲን «ኤ»፣ የዩሮ ምልክት፣ ኮፍያ፣ ጥቅስ፣ ዝብርቅርቅ። ያየ ሰው ሁሉ «ተጠልፋችሁ ነው?» ይላል። አልተጠለፍንም። የሆነው ነገር ሥሩ ሃያ ምናምን ዓመት ወደኋላ ይሄዳል።

ማይ ኤስኪውኤል የሚባለው ዳታቤዝ በ1995 ስዊድን ውስጥ ነው የተወለደው። ሠሪዎቹ ለራሳቸው የሚመቸውን መረጡ፦ ማንም ካልነገረው በቀር ጽሑፍ ሁሉ «ላቲን1» ነው፣ የፊደል ተራውም የስዊድን ነው። በቀጣዩ ዓመት ኒክ ኮስተን የሚባል አሜሪካዊ ሲፓነልን ሠራ። ጥቁር ስክሪን ላይ ትእዛዝ መጻፍ የማይችል ሰው በማውዝ ብቻ ኢሜይል የሚከፍትበት፣ ዳታቤዝ የሚፈጥርበት። ኢንተርኔት በይፋ ወደ ኢትዮጵያ የገባው ደግሞ በጥር 1997፣ በቴሌ በኩል ነው። እኛ ስንደርስ ቤቱ ተሠርቶ፣ ዕቃው ተደርድሮ ነበር ማለት ነው።

ያኔ አማርኛ በኮምፒውተር የሚጻፈው እያንዳንዱ ፎንት በራሱ ሕግ ነው። አንዱ ፎንት ላይ «ሀ» የሆነው ቁጥር ሌላው ላይ ሌላ ነው። ፎንቱ ከሌለህ የምታየው የላቲን ኮተት ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ 3.0 ሲወጣ ነው ፊደላችን ለመጀመሪያ ጊዜ በዓለም ሁሉ አንድ ዓይነት ቁጥር ያገኘው። የሚገርመው፣ ራሱን በራሱ የሚያድሰው ሲፓነል 3ም የወጣው በዚያው ዓመት ነው። ዊንዶውስ ግን የግዕዝ ፊደል ያለው ፎንት (ኒያላ) ይዞ የመጣው ከቪስታ ጋር ነው፤ ሰባት ዓመት ያህል ቆይቶ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። አንድ የአማርኛ ፊደል በዩቲኤፍ-8 ሲቀመጥ ሦስት ባይት ይወስዳል። ከ«ሀ» እስከ «ፐ» ቤት ያሉት የለመድናቸው ፊደላት ሁሉ የመጀመሪያ ባይታቸው አንድ ነው። ያቺ ባይት በላቲን1 ስትነበብ ጭረት ያለባት «ኤ» ናት። ለዚህ ነው የተበላሸ የአማርኛ ገጽ ሁሌ አንድ ዓይነት መልክ ያለው።

በ2000 ዓ.ም. ያ ድረ ገጽ ሲሠራ ዳታቤዙ ሰንጠረዡን በልማዱ ላቲን1 ብሎ ከፈተው። የስዊድን ላቲን! ድረ ገጹ አማርኛውን ይሰጠዋል፤ ዳታቤዙ እንደ ስዊድን ጽሑፍ ይቀበላል፤ ሲጠየቅ ያንኑ ባይት ሳይነካ ይመልሳል። ሁለቱም ተሳስተው ተስማምተው ኖሩ። እንዲህ ሆኖ ዓመታት ይቆጠራሉ፤ ማንም አያውቅም።

ስምምነቱን ያፈረሰው አፕግሬዱ ነው። ሰርቨራችን ሴንትኦኤስ 7 ላይ ነበር፤ ድጋፉ ሰኔ 30 ቀን 2024 (እ.ኤ.አ.) አበቃ። በእሱ ላይ የሚሠራው የመጨረሻው ሲፓነል 110 ነው፤ ከዚያ በላይ ከፈለግህ ወደ አልማሊኑክስ ወይም ወደ መሰሉ መሻገር አለብህ። ስንሻገር ዳታቤዙም ማይ ኤስኪውኤል 8 ሆነ። ይሄኛው ስሪት ደግሞ በ2018 ስዊድንን ትቶ ነባሪውን ዩቲኤፍ-8 አደረገው። ጥሩ ነገር ነው፣ ለኛ የተገባ ነገር ነው፤ ግን አዲሱ ሰርቨር ያንን የድሮ ሰንጠረዥ ሲያይ «አሃ፣ ይሄ ላቲን ነው፣ ልተርጉመው» አለና እያንዳንዷን ባይት እንደ አንድ የላቲን ፊደል ተረጎማት። ትክክለኛ ሥራ ነው የሠራው። የተሳሳተው መለያው ነው።

ጊዜውም ክፉ ነበር። ከነሐሴ 2023 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ነበር። ሰርቨሩ ውጭ ሀገር ነው፣ በደንብ ይሠራል። ትረካውን የሰጡት ቤተሰቦች አንበሳሜ ላይ ሆነው ገጹን ከፍተው «ይሄ የአባታችን ቃል አይደለም» ሊሉኝ አይችሉም።

እና እኔ ምን አደረግኩ መሰላችሁ? ቸኮልኩ። ዝብርቅርቁን ገልብጬ፣ ኢንተርኔት ላይ ያገኘሁት ማስተካከያ ውስጥ ከትቼ፣ የወጣውን መልሼ ለጠፍኩ። አብዛኛው ተመለሰ! ደስ አለኝ። ከዚያ ማንበብ ጀመርኩ።

«አንበሳሜ» ደህና ነው። «ወረታ» ደህና ነው። «ደብረ ታቦር» ደህና ነው። «ፎገራ» ግን «?ገራ»። «ሩዝ» «ሩ?»። «ጤፍ» «ጤ?»። «ዳጉሳ» እና «በቆሎ» ምንም አልሆኑም! አራት ነጥብ የሚባል ነገር ደግሞ ከገጹ ጠፍቷል። «ነ»፣ «ም»፣ «ል»፣ «ኝ» በገቡበት ሁሉ ቀዳዳ ነው፤ ያለ «ነ» እና ያለ «ም» ደግሞ የአማርኛ ዓረፍተ ነገር ምን ይቀረዋል?

ሁለት ሌሊት ፈጅቶብኛል ምክንያቱን ለማወቅ። የዊንዶውስ የላቲን ሰንጠረዥ ውስጥ አምስት ባዶ ቦታዎች አሉ፤ ምንም ፊደል ያልተሰጣቸው አምስት ባይቶች። ማይ ኤስኪውኤል ራሱ እነዚህን ሳይነካ ያሳልፋል። ሌሎች ፕሮግራሞች ግን «ይሄ ምንም አይደለም» ብለው ይጥሏቸዋል። «ም»፣ «ል»፣ «ነ»፣ «ዝ»፣ «ኝ»፣ «ሁ» ሦስተኛ ባይታቸው ከነዚህ አንዷ ናት። የ«ፀ»፣ የ«ፈ»ና የ«ፐ» ቤቶች፣ አራት ነጥብና ነጠላ ሰረዝ ጭምር፣ ሁለተኛ ባይታቸው ከነዚህ አንዷ ናት። የፎገራ «ፎ» የወደቀችው እዚያ ጉድጓድ ውስጥ ነው።

ያዳነን አፕግሬዱ ከመጀመሩ በፊት የወሰድኩት ባክአፕ ነው። እሱን በሌላ ሰርቨር ላይ መለስኩና ትክክለኛውን መንገድ ሄድኩ፦ የጽሑፉን ዓምድ መጀመሪያ ወደ ጥሬ ባይት መለወጥ፣ ቀጥሎ ዩቲኤፍ-8 ነህ ብሎ መሰየም። መሃል ላይ ምንም ትርጉም የለም፣ የሚቀየረው መለያው ብቻ ነው። በቀጥታ ከላቲን ወደ ዩቲኤፍ-8 «ቀይር» ካላችሁት ግን ዝብርቅርቁን ራሱን አጽንቶ ያስቀምጥላችኋል። ሁለቱ ትእዛዞች ሦስት ደቂቃ አልፈጁም። «ፎገራ»ም ተመለሰች።

ተመሳሳይ ነገር ለሚገጥማችሁ አንድ ነገር ልንገራችሁ፦ ጭረት ያለባት «ኤ» ከታየች ባይቱ አለ፣ አትንኩት፣ አትደንግጡ። ተራ ጥያቄ ምልክት ብቻ ከታየ ግን ጽሑፉ እዚያ ቦታ ላይ ላይኖር ይችላል፤ ባክአፕ ፈልጉ።

ይሄን የማውቀው ከአንድ አስተያየት ነው። ገጹ ተበላሽቶ በቆየበት ሳምንት አንድ ሰው ከሽማግሌዎቹ የአንዱ ትረካ ሥር መልእክት ጽፏል። አዲሱ ሰርቨር አማርኛውን በትክክል ተቀበለው፤ የሚያስቀምጥበት ሰንጠረዥ ግን ገና ላቲን ስለነበረ ለእያንዳንዷ ፊደል አንድ ጥያቄ ምልክት አስቀመጠ። ስሕተት ነው ብሎ የሚያስቆመው ጥብቅ አሠራር ተዘግቶ ነበር። ባክአፕ ውስጥ የለም፤ ከባክአፑ በኋላ ነው የተጻፈው።

የቃላቱ ክፍተት ግን አልጠፋም። ስምንት ቃል ነው። የመጀመሪያው አራት ፊደል፣ ሁለተኛው ሦስት። ስምና ኢሜይል አልተጻፈበትም። አሁንም አልሰረዝኩትም። ጸሐፊው ይሄን ካነበብክ፣ ካነበብሽ፣ እባክህ እባክሽ ድጋሚ ጻፉልን፤ አሁን ይቀበላል።