ኮንሴፕት አልበም በአማርኛ ምን እንበለው?

ካሴት ያሳደገን ሰዎች ያልወደድነውን ዘፈን በእስክሪብቶ አጠንጥነን እናልፍ ነበር፤ ባትሪም ይቆጠባል። ኮንሴፕት አልበም የሚሉት ሥራ ግን እንዲህ መዝለልን አይፈቅድም። ዘፈኖቹ በአንድ ጉዳይ ዙሪያ የተሠሩ፣ ቅደም ተከተላቸውም የታሰበበት ነው።

የእንግሊዙ ፕሮግረሲቭ ሮክ ባንድ ፒንክ ፍሎይድ እ.ኤ.አ. በ1973 ያወጣው «ዘ ዳርክ ሳይድ ኦፍ ዘ ሙን» ጉዳዩ ሰውን የሚያሳብደው ነገር ነው፤ ጊዜ፣ ሞት፣ ጠብ፣ ገንዘብ። ከመሥራቾቹ አንዱ ሲድ ባሬት አእምሮው ታውኮ በ1968 ስለተለያቸው፣ ነገሩ ለእነሱ የቤት ጉዳይ ነበር።

የሸክላውን ሁለተኛ ገጽ የሚከፍተው «መኒ» (ገንዘብ) ነው። ሙዚቃው ሳይገባ ሳንቲም ይንኳኳል፣ ወረቀት ይቀደዳል፣ የሱቅ ሒሳብ ማሽን ይጮኻል። የባንዱ አባል ሮጀር ዋተርስ ሳንቲሙን ባለቤቱ ለሸክላ ዕቃ ሥራ በምትጠቀምበት ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ እያሽከረከረ ቀዳ፤ ከበሮ መቺው ኒክ ሜሰን አሮጌ ሳንቲሞች በስቶ በክር ሰካ። ከዚያ ቴፑን በማስመሪያ ለክተው፣ እኩል እኩል ቆርጠው ቀጣጠሉት። ምቱ በሰባት ነው፤ አራት የለመደ እግር ሁለተኛው ዙር ላይ አንድ ይጎድልበትና ይደናቀፋል። ጊታሩ ለብቻው ሲገባ ግን ወደ አራት ይመለሳል።

ለብቻው ከተሰማ በገንዘብ የሚያሾፍ ዘፈን ነው፤ አሜሪካ ውስጥም በነጠላ ወጥቶ ተወድዷል። አልበሙ ውስጥ ግን መጨረሻው ላይ ሰዎች ስለ ጠባቸው ያወራሉ። ዋተርስ ስቱዲዮው አካባቢ ያገኛቸውን «መቼ ተጣላችሁ? ልክ ነበራችሁ?» ብሎ ጠይቆ የቀዳው ነው። ወሬው ሳይበርድ «እኛና እነሱ» የሚል ርእስ ያለው፣ ጦርነትን የሚያነሳው ዘፈን ይቀጥላል። ገንዘቡን ከጦርነቱ ያገናኘችው ያቺ ወሬ ናት።

አማርኛውስ? «የጽንሰ ሐሳብ አልበም» የክፍል ትምህርት ይመስላል። «ወጥ አልበም» አጭር ነበር፤ ግን «ወጥ ልብ ወለድ» ስንል ያልተተረጎመ ማለታችን ስለሆነ ያሳስታል። (ቀልደኛም «የምን ወጥ?» ማለቱ አይቀርም።) እኔ «ባለ አንድ ጭብጥ አልበም» እላለሁ፤ ቢረዝምም አያምታታም። ከዳር እስከ ዳር ስለ ፍቅር የተዘፈነ ካሴት ሁሉ ግን በዚህ ስም አይጠራም፤ ዘፈኖቹ ቦታ ቢለዋወጡ የሚጎድል ነገር ከሌለ፣ ያው አልበም ነው።