«ማዕቀፍ» ሳይሆን መዋቅር፦ ስለ ጠርብ ቤት

አሜሪካ የሚኖሩ ወገኖቻችን ቤት ሲገዙ ወይም ሲያሠሩ በሚደርሳቸው የአማርኛ ጽሑፍ ላይ «የእንጨት ማዕቀፍ ቤት» የሚል ስያሜ ደጋግሜ እያየሁ ነው። «የእንጨት ክፈፍ ቤት» የሚሉም አሉ። እንግሊዝኛው «ቲምበር ፍሬም» የሚለውን የአሠራር ስልት ለመተርጎም ታስቦ ነው። ስያሜው ግን ስልቱን አይገልጸውም፤ ይባስ ብሎ አንባቢውን ወደ ሌላ ነገር ይመራዋል። ሥር ሳይሰድ ይታረም ብዬ ነው ይህን መጻፌ።

ነገሩን ብዙዎቻችሁ በፊልምም ሆነ በአካል አይታችሁታል። ብዙ ጊዜ 8 በ8 ኢንች፣ ማለትም 20 ሳንቲ ሜትር ገደማ ውፍረት ያላቸው ምሰሶዎችና አግዳሚዎች ያለ ብረት ሚስማር እርስ በርሳቸው ተሰካክተው ጣራውንም ወለሉንም ይሸከማሉ። ግድግዳው ሸክም የለበትም፤ እንደ ካባ ከውጭ ይደረብና እንጨቱ ከውስጥ እንደተገለጠ ይቀራል። ጀርመኖች፣ እንግሊዞችና ጃፓኖች ለብዙ መቶ ዓመታት ሲሠሩበት ኖረዋል። ማሳቹሴትስ፣ ዴድሃም ከተማ ያለው የፌርባንክስ ቤት በ1640 አካባቢ በዚሁ ስልት ቆሞ ዛሬም አለ። (ዓመቶቹም ወሮቹም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

የመጀመሪያው ቅሬታዬ «እንጨት» በሚለው ቃል ላይ ነው። ቨርጂኒያም ይሁን ሜሪላንድ፣ አብዛኛው የአሜሪካ መኖሪያ ቤት ፊቱ በጡብ ቢለበጥም ውስጡ እንጨት ነው። ያ እንጨት ግን ቀጭን ነው፤ «2 በ4» የሚሉት፣ ብዙውን ጊዜ በየ16 ኢንቹ የሚቆም፣ በሚስማር የሚመታ። ከ1830ዎቹ ጀምሮ የፋብሪካ ሚስማርና በመጋዝ የተሰነጠቀ እንጨት ሲረክስ ከቺካጎ አካባቢ ተስፋፍቶ የቀድሞውን ስልት ከገበያ ያስወጣው ይህ ነው። የቀድሞው እንደገና ያንሠራራው በ1970ዎቹ ነው፤ ቴድ ቤንሰን የሚባል አናጺ ስለ ስልቱ የጻፈው መጽሐፍ በ1980 ሲታተም ሙያውን ለብዙ ሰው አስተዋወቀ። እንግዲህ «የእንጨት ማዕቀፍ» ብንል ከሁለቱ የትኛውን ነው ያልነው? በሁለቱ መካከል የብዙ ገንዘብና የብዙ የእጅ ሥራ ልዩነት አለ። ውል የሚፈርም ሰው ልዩነቱን በስሙ ማወቅ ይገባዋል።

ሁለተኛው «ማዕቀፍ» ነው። ሥሩ ዐቀፈ ነው። ማዕቀፍ ነገርን ከውጭ ዙሪያውን ይይዛል፤ ሕግን «የሕግ ማዕቀፍ» ስንል የሥራውን ወሰን ያቀፈ ማለታችን ነውና ልክ ነው። ክፈፍም ከፈፈ ከሚለው ይወጣል፤ ዳር ዳሩን መከርከም ነው። ሁለቱም ለሥዕል ይስማማሉ፣ ሥዕሉ መሐል ነው፣ እንጨቱ ዳር ነው። እዚህ ግን እንጨቱ መሐል ነው፤ የሚታቀፈው እሱ ነው እንጂ የሚያቅፈው አይደለም። «ፍሬም» እንዳለ ይቅር ለሚሉም መልስ አለኝ። አዲስ አበባ ላይ «የእንጨት ፍሬም» ብትሉ ሰሚው የበርና የመስኮት ፍሬም ያመጣላችኋል፤ ለእሱ እንኳ «መቃን» የሚል ጥሩ ቃል ነበረን።

ተርጓሚዎቹ የተሳሳቱት እንግሊዝኛውንም ከመሐል ስለያዙት ነው። «ፍሬም» የሚለው ግስ በመካከለኛው ዘመን እንግሊዝኛ ለቤት የሚሆን እንጨትን ማዘጋጀት ማለት ነበር፤ የሥዕል ዙሪያ የሆነው ከዚያ በኋላ ነው። «ቲምበር» ደግሞ ጥንት ሕንፃ ማለት ነበር፤ ጀርመንኛው ዛሬም ክፍልን «ጺመር» የሚለው ከዚሁ ሥር ነው። ሁለቱም የግንባታ ቃሎች ናቸውና የኛም ፍለጋ ከግንበኛውና ከአናጺው አፍ መጀመር ነበረበት።

ሌሎች ሐሳቦችም አሉ። ግእዝ የሚወዱ ወዳጆቼ «ዐምደ ዕፅ» ይሉኛል። ያማረ ነው፤ ግን ሁለት ሰው ካልሆነ የሚረዳው የለም፤ ዐምድ ብቻውንም አግዳሚውን ያስቀረዋል። «የእንጨት አጽም» ያሉም አሉ፤ ሐሳቡ ትክክል ነው፣ የሚሸከም የውስጥ አካል ማለታቸው ነው፤ ነገር ግን አጽም በአማርኛ የሞተ ሰው ነው፣ አዲስ ቤት የሚያሠራ ሰው ፊት የሚባል አይደለም። እኔን ለረጅም ጊዜ ያማለለኝ ገጠመ የሚለው ግስ ነበር። በር ግጥም ይላል፤ እንጨት ይገጥማል፤ ግጥምም ከዚያው ነው፣ ቃልን ከቃል ማጋጠም። ግን «ግጥም ቤት» ቢባል የባለቅኔ ቤት ይመስላል፣ «ተገጣጣሚ ቤት» ደግሞ በፋብሪካ ተመርቶ ለሚመጣው ቤት ተይዟል። ስለዚህ ተውኩት።

የኔ ምርጫ «የጠርብ መዋቅር» ነው፤ ባጭሩ ሲጠራ «ጠርብ ቤት»።

መዋቅር ዛሬ የመሥሪያ ቤት ቃል ሆኗል። የመንግሥት መዋቅር፣ የመዋቅር ጥናት፣ የመዋቅር ለውጥ እንላለን። ሥሩ ግን ዋቀረ ነው፤ ዋቀረ የቤትን እንጨት እያያያዙ ማቆም ነው፣ በተለይም የጣራውን። የጎጆ ጣራ ሲዋቀር ያየ ሰው መዋቅር ምን እንደሆነ መዝገበ ቃላት አያሻውም። ቢሮው ቃሉን ከገጠር ቤት ወሰደው እንጂ ገጠር ከቢሮ አልወሰደውም። ወደ እንጨቱ መመለስ ለቃሉ አገሩ መግባት ነው። (ከወቀረ ጋር እንዳይምታታ፤ የላሊበላን ውቅር አብያተ ክርስቲያናት ያስጠራው ያኛው ነው፣ እሱ ድንጋይ መፈልፈል ነው።)

ጠርብ ከጠረበ ነው። መጥረቢያም ከዚያው ነው። ጠራቢ፣ ጥርብ፣ መጥረቢያ፣ ጠርብ፤ ሠሪው፣ ሥራው፣ መሣሪያውና ውጤቱ በአንድ ቤተሰብ ተሟልተው ይገኛሉ። ለሥራው ከዚህ የሚቀርብ ቃል አላገኘሁም። የፓሪሱ ኖትርዳም ካቴድራል ጣራ በሚያዝያ 2019 ሲቃጠል የወደመው፣ ፈረንሳዮች «ጫካው» የሚሉት የኦክ እንጨት መዋቅር ነበር። መልሰው ሲሠሩት አናጺዎቹ ኦኩን እንደ ጥንቱ በመጥረቢያ ጠርበው አቆሙት፤ ካቴድራሉም በታኅሣሥ 2024 ተከፈተ። ይህን ዜና በአማርኛ ለመንገር «ጠረቡ» ከሚለው ሌላ ምን ግስ ይፈለጋል?

«ጠርብ እኮ ዛሬ ለግድግዳና ለአጥር የሚሰነጠቅ ባሕር ዛፍ ነው» የሚል ተቃውሞ ይመጣል። እውነት ነው። ሆኖም ቃሉ የደኸየው እንጨቱ ስለቀጠነብን ነው። ወፍራም ጥድና ወይራ በነበረ ጊዜ ጠርብ ወፍራም ነበር። በሌላ በኩል ቀጭኑን የአሜሪካ ቤት «የሞራሌ መዋቅር» ብንለው ልዩነቱ ያለ ማብራሪያ ይገባል። ሞራሌ ከጣሊያንኛ የመጣ ነው፣ ጣውላም እንዲሁ። አናጺዎቻችን ከተገለገሉባቸው ስንት ዘመን ሆናቸው! ብድርን አልጠላም፤ የምጠላው ቃል ሳለን መበደርንና ሳይረዱ መተርጎምን ነው።

ዋናው ቃል ከተስተካከለ የቀሩት ራሳቸው ይመጣሉ። መጋጠሚያውን የወንበር እግር የሚሰካ አናጺ ሁሉ «ወንዴና ሴቴ» ይለዋል፤ ወንዴው የሚሰካው ምላስ፣ ሴቴው የሚሰካበት ጉድጓድ ነው፤ ምንም መጨመር አያስፈልግም። የሚይዘው የእንጨት ሚስማር «ችንካር» ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ቀረብ ብለን እንይ። አናጺው ሴቴውን እንጨት ከጎን ወደ ጎን ይበሳል፤ ወንዴውን አስገብቶ የቀዳዳውን ቦታ ምልክት ያደርግበታል፤ ከዚያ አውጥቶ በምልክቱ ላይ ሳይሆን ሁለት ሦስት ሚሊ ሜትር ያህል ወደ ወንዴው ትከሻ፣ ማለትም ወደ ሥሩ፣ አስጠግቶ ይበሳዋል። ሲገጣጠሙ ቀዳዳዎቹ አይተያዩም። ጫፉ የሾለ ደረቅ የኦክ ችንካር በመዶሻ ሲመታበት ግን ለማለፍ ሲታገል ወንዴውን ወደ ውስጥ ይስበዋል፤ መጋጠሚያውም ጥርቅም ይላል። እንጨቱ እርጥብ ሆኖ ተሠርቶ ኋላ እየደረቀ ቢኮማተር እንኳ ችንካሩ አይለቀውም። ሥራውን ሳየው «ቸነከረ» ከማለት ሌላ አይመጣልኝም።

ስለ ቤቱ ዕቅድ ብዙ አልልም። በልኩ የሚያሠራ ሰው ግን ሊያውቀው የሚገባ ነገር አለ፦ ምሰሶና ሰያፍ ደጋፊ የት እንደሚቆም ሳይወሰን የመስኮት ቦታ አይወሰንም። ግድግዳው በሙቀት መከላከያ ገበታ የሚሸፈን ከሆነ የመብራት መስመሩም እንደ ሞራሌ ቤት ኋላ የሚታሰብ ሳይሆን ቀድሞ የሚነደፍ ነው። ምሰሶና አግዳሚ በብረትና በብሎን የተያያዘበት ቤትም አለ፤ እሱን «ምሰሶና አግዳሚ» ብሎ መለየት ይበቃል፤ የጠርብ መዋቅር አይደለም።

አማርኛ ለዚህ ዓይነት ሥራ ቃል የለውም የሚሉትን አልቀበልም። በደብረ ዳሞና በይምርሐነ ክርስቶስ ግድግዳ ውስጥ እንጨትና ድንጋይ እየተፈራረቁ ተነባብረዋል። 24 ሜትር የሚሆነው የአክሱም ሐውልት፣ ከሮም በ2005 ተመልሶ በ2008 የቆመው፣ የአግዳሚ እንጨቶችን ጫፍ በድንጋይ ቀርጾ ያሳያል። እነዚህ የጠርብ መዋቅር ናቸው አልልም፤ እዚያ ድንጋዩም ተሸካሚ ነው። ነገር ግን የእንጨትን ሥራ በድንጋይ ላይ እስኪቀርጽ ድረስ ያከበረ አገር ቋንቋዎቹ የእንጨት ቃል አያጡም። ምሰሶ፣ ማገር፣ ወራጅ፣ ቋሚ፣ ባላ፣ አግዳሚ፣ ዋልታ፤ ሁሉም የገበሬ ቤት ላይ አሉ። የጎደለን ቃል ሳይሆን ከመተርጎማችን በፊት አንድ አናጺ መጠየቅ ነው።

ስለዚህ ተርጓሚዎችና ደላሎች፣ እባካችሁ «ማዕቀፍ»ን ለሕጉ ተዉለት። ቤት የምታሠሩ ወገኖቼም ወደ አማርኛ በሚተረጎምላችሁ ውል ላይ እንዲህ ተብሎ እንዲሰፍር ጠይቁ፦ የጠርብ መዋቅር፣ በወንዴና ሴቴ የተጋጠመ፣ በእንጨት ችንካር የተመታ።