የጀልባ ባትሪ በትንሽ ጀነሬተር ቻርጅ ሲደረግ፦ የትኛው ሶኬት ላይ ነው የሚሰካው?

ጣና ላይ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ይነሳል። በዚያ ሰዓት ሐይቁ መሃል ሞተር አጥፍታችሁ መልሳችሁ ስታስነሱ ባትሪው እምቢ ካለ ቀልድ አይደለም። መብራት በሌለበት ዳርቻ ለሚያድር ጀልባ በእጅ የሚንጠለጠለው ትንሹ ጀነሬተር ጥሩ መፍትሔ ነው። አጠቃቀሙ ላይ ግን ብዙ ሰው ይሳሳታል።

ጀነሬተሩ ላይ ከ220 ቮልቱ ሌላ «12 ቮልት ዲሲ» የሚል ሶኬት ይኖራል። «ይሄማ ለባትሪ የተሠራ ነው» ብለን እንሰካለን። ይሠራል፣ ግን ቀርፋፋ ነው። አብዛኞቹ ትንንሽ ጀነሬተሮች በዚህ በኩል የሚሰጡት 8 አምፒር ገደማ ነው። ግማሹ ያለቀ ባለ 100 አምፒር-ሰዓት ባትሪ 50 ይጎድለዋል፤ ለ8 ስታካፍሉት ከ6 ሰዓት በላይ ይመጣል። ባትሪው እየሞላ ሲሄድ የሚቀበለው ስለሚቀንስ በተግባር ከዚያም ይረዝማል። ያን ሁሉ ሰዓት ቤንዚን ይነዳል፤ የቤንዚን ወረፋ ደግሞ ምን እንደሆነ ታውቁታላችሁ። በዚያ ላይ ባትሪው ሲሞላ ራሱን አያቆምም፣ ቁጭ ብሎ መጠበቅ ይፈልጋል።

እኛ የምንመክረው 220 ሶኬቱ ላይ ራሱን የሚያቆም የባትሪ ቻርጀር መሰካት ነው። ባለ 20 አምፒር ቻርጀር ከጀነሬተሩ የሚወስደው 350 ዋት ገደማ ቢሆን ነው። ያንኑ ባትሪ ሁለት ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ወደ 80 በመቶ ያደርሰዋል። የቀረው 20 በመቶ በጣም ስለሚንቀራፈፍ እዚያ ላይ ጀነሬተሩን አጥፍታችሁ በሶላር ወይም መብራት ያለበት ቦታ ስትደርሱ ብትጨርሱት ይሻላል።

ጀነሬተሩ ላይ የተጻፈውን ዋት እንዳለ አትመኑት። ከፍታ ላይ አየሩ ስለሚሳሳ ሞተሩ በየ300 ሜትሩ 3.5 በመቶ ገደማ ጉልበት ያጣል። ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር አካባቢ ነው። ስለዚህ «1,000 ዋት» የሚለው እዚያ 800 ገደማ ነው።

አሁን ዋናው፦ ጀነሬተሩን ከጀልባው አውርዱት። ጭሱ ውስጥ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ ሸራ ሥር ወይም ክፍሉ ውስጥ የተኛ ሰው ሳይነቃ ሊሞት ይችላል። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ መዛል ከተሰማችሁ ወዲያው ንጹሕ አየር ወዳለበት ውጡ። ባትሪውም ቻርጅ ሲደረግ የሚፈነዳ ጋዝ (ሃይድሮጅን) ያወጣል። ስለዚህ መጀመሪያ ቀዩን ከፕላስ፣ ጥቁሩን ከማይነስ አስራችሁ ነው ቻርጀሩ የሚበራው። ስትጨርሱ ደግሞ መጀመሪያ አጥፉ፣ ከዚያ ፍቱ። ሲጋራ አጠገቡ የለም።

መሙላቱን በቴስተር ማየት ይቻላል። ከተነቀለ ጥቂት ሰዓት አሳርፋችሁ ስትለኩት 12.6 ወይም 12.7 ካለ ሞልቷል፤ 12.1 አካባቢ ከሆነ ግማሽ ነው። ባዶውን ለሳምንታት ካስቀመጣችሁት ሳህኖቹ ላይ ሰልፌት ይጠጥርና መልሶ በደንብ አይዝም። የሚከፈት ክዳን ካለው ውሃውን እዩ፤ ከጎደለ የባትሪ ውሃ ብቻ ነው የሚጨመረው። የሐይቁ አይሆንም። ሊቲየም ከሆነ ግን ይሄ የቮልት ቁጥር አይሠራም፤ ለሊቲየም የተሠራ ቻርጀር ያስፈልጋችኋል።