ጥቁር ሰሌዳ ያልነበረው ትምህርት ቤት፦ የጅቡቲ ባቡርና የቴክኖሎጂ ትምህርት ታሪካችን

ስለ ቴክኖሎጂ ትምህርት ሲነሣ ብዙዎቻችን ታሪኩን ከኮምፒዩተር መምጣት እንጀምራለን። ራቅ ብለው የሚያስቡት ደግሞ በ1942 በአዲስ አበባ የተከፈተውን የተግባረ ዕድ ትምህርት ቤት ያስታውሳሉ (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ይሁንና ከተግባረ ዕድ አርባ ዓመት ያህል ቀድሞ፣ ጥቁር ሰሌዳም የተማሪ መዝገብም ሳይኖረው፣ የእንፋሎትንና የብረትን ሥራ ለአገራችን ሰዎች ያስተማረ አንድ ትልቅ ትምህርት ቤት ነበረ። መግቢያ በሩም በባሕር ዳርቻ የቆመው የጅቡቲ ባቡር ጣቢያ ነበር።

ዳግማዊ ምኒልክ የባቡሩን ውል ለስዊሳዊው መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የፈቀዱት መጋቢት 9 ቀን 1894 ነው። ሥራው በ1897 ከጅቡቲ ተጀምሮ፣ ሐዲዱ በ1902 መጨረሻ ድሬዳዋ ደረሰ። ከዚያ በኋላ በገንዘብ እጥረትና በኃያላኑ መንግሥታት ሽኩቻ ለዓመታት ቆመ። በ1908 አዲስ ኩባንያ ተቋቁሞ ሥራው ሲቀጥል፣ ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በ1917 ሆነ። መስመሩ 784 ኪሎ ሜትር ርዝመት ነበረው፤ ከባሕር ወለል ተነሥቶ ከ2,300 ሜትር በላይ ይወጣል። ይህ ሁሉ በየታሪክ መጻሕፍቱ የተነገረ ነው። ብዙም ያልተነገረው፣ ይህን መስመር በየቀኑ ለማንቀሳቀስ ምን ያህል ሰው ምን ያህል አዲስ ነገር መማር እንደነበረበት ነው።

ባቡሩ ያስተማረው

የመጀመሪያው ትምህርት የሰዓት ትምህርት ነበር። የእኛ ሰው ሰዓቱን ከንጋት ጀምሮ ይቈጥራል፤ የኩባንያው የጉዞ ሰሌዳ ግን በፈረንሳዮቹ አቈጣጠር ከእኩለ ሌሊት ይነሣል። መስመሩ ነጠላ ሐዲድ በመሆኑም ሁለት ባቡሮች የሚተላለፉት ጣቢያ ላይ ብቻ ነው። ስለዚህ ከአንዱ ጣቢያ ባቡር ከመልቀቅ በፊት ቀጣዩ ጣቢያ መንገዱ ነጻ መሆኑን ማረጋገጥ ነበረበት። ይህም የሚሆነው ከሐዲዱ ጎን በተዘረጋው ሽቦ አማካይነት ነው። በበረሃ መካከል ባለች ትንሽ ጣቢያ ተቀምጦ መልእክት የሚቀበልና የሚያስተላልፍ ሠራተኛ ዛሬ የመረጃ ቴክኖሎጂ የምንለውን ሙያ ይሠራ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም። ቁጥር አሳስቶ ያስተላለፈ እንደሆነ ሁለት ባቡሮች ፊት ለፊት ይገናኛሉ።

ሁለተኛው ትምህርት የማሽኑ ነው። የእንፋሎት ባቡር እሳቱ፣ ውኃውና ግፊቱ ተመጣጥነው ካልተያዙ አይሄድም፤ ከዚያም አልፎ ለሕይወት ያሰጋል። ጨው የበዛበት ውኃ ቱቦዎቹን ይደፍናል፤ አቀበቱ ሲበረታ እሳቱ አስቀድሞ መጠናከር አለበት። እሳት የሚያነድደው ወጣት ይህን የሚማረው ከነጂው አጠገብ ቆሞ፣ ድምፁን እያዳመጠና የግፊት መለኪያውን እያየ ነው። መለዋወጫ ዕቃ ከአውሮፓ እስኪመጣ ረጅም ጊዜ ስለሚወስድ፣ ድሬዳዋ በሚገኘው ታላቅ የጥገና ወርክሾፕ ብረት ይቀለጣል፣ ይቀጠቀጣል፣ በቶርኖ ይስተካከላል። የተሰበረውን ያየ እጅ አዲሱን ይሠራል።

ይህ ትምህርት ቤት ግን ለሁሉም እኩል በሩን የከፈተ አልነበረም። ከፍተኛው የሥራ ኃላፊነት ለብዙ ዘመን በፈረንሳውያን እጅ ቆይቷል፤ የቢሮው መዝገብና የቴክኒክ መመሪያው ሁሉ በፈረንሳይኛ ነበር። ኢትዮጵያዊውና ጅቡቲያዊው ሠራተኛ ድንጋይ ከመሸከምና ሐዲድ ከመዘርጋት ተነሥቶ ወደ ነጂነትና ወደ መካኒክነት የወጣው ቀስ በቀስ ነው። መወጣጫ መሰላሉም ቋንቋው ነበር። ከእጅ ሙያው ጋር ፈረንሳይኛውን የያዘ ወደ ላይ ይወጣል፤ ያልያዘ ሙያው ቢኖረውም እዚያው ይቀራል።

ቃላቱ የሚመሰክሩት

በትርጉም ሥራ ላይ ላለ ሰው የዚህ ዘመን ምርጥ መዝገብ ቃላቱ ናቸው። ‘ባቡር’ የሚለው ራሱ እንፋሎት ከሚል የአውሮፓ ቃል ተነሥቶ በዐረብኛ በኩል ወደ እኛ የደረሰ ነው። ሕዝቡም ቃሉን እንደ ራሱ አድርጎ ስለያዘው የእህል ወፍጮውን ጭምር ‘ባቡር’ አለው። ‘ፉርጎ’ ፈረንሳይኛ ነው፤ በአዲስ አበባም በድሬዳዋም የሰፈር ስም ሆኖ የቀረው ‘ለገሃር’ም ‘ጣቢያው’ ማለት ነው። ‘ፌርማታ’፣ ‘ካቻቢቴ’ና ‘ኩሽኔታ’ ግን ጣልያንኛ ናቸው። ማን ምን እንዳስተማረን ከመካኒኩ አፍ መስማት ይቻላል።

እነዚህን ቃላት ያስገባቸው ምሁር ወይም አካዳሚ እንዳልሆነ ልብ ማለት ይገባል። ዕቃውን በእጁ የያዘ ሠራተኛ ለአንደበቱ በሚስማማው መንገድ ጠራቸው፤ ቋንቋውም ተቀበላቸው። ችግሩ ግን የተቀበልነው የዕቃዎቹን ስም ብቻ መሆኑ ነው። የማሞቂያው ግፊት ለምን ከፍ እንደሚል፣ ብረቱ በምን ያህል ሙቀት እንደሚለሰልስ የሚያብራራው እውቀት በፈረንሳይኛ መመሪያዎችና በአንጋፋ ሠራተኞች ጭንቅላት ውስጥ ቀረ። በአማርኛም ሆነ በሶማሊኛ ወይም በአፋርኛ ለልጆች የሚሆን መጽሐፍ ሆኖ አልወጣም።

የዚህም ዋጋ በኋላ ታየ። የአሮጌው መስመር አገልግሎት በ2000ዎቹ እየተዳከመ ሄዶ ከአዲስ አበባ ተቋረጠ፤ ቆይቶም በጅቡቲ በኩል ቆመ። ማሽኖቹ በድሬዳዋ ቀሩ፤ የሚያውቋቸው ሰዎች ግን ጡረታ ወጡ፤ ብዙዎቹም አለፉ። መቶ ዓመት የተማርነው ትምህርት ወራሽ አጣ።

ስክሪኑ ሲመጣ

በዚያው ዘመን፣ በ2004፣ ሌላ ቴክኖሎጂ ወደ ትምህርት ቤቶቻችን ገባ። በሳተላይት የሚተላለፈው የፕላዝማ ትምህርት በሁለተኛ ደረጃ ክፍሎች ተዘረጋ። ዓላማው በጎ ነበር፤ በሩቅ ገጠር ያለ ተማሪ የከተማው ተማሪ የሚያገኘውን ትምህርት እንዲያገኝ ነው። ነገር ግን ትምህርቱ በእንግሊዝኛ፣ በማያቋርጥ ፍጥነት ይተላለፍ ነበር። ተማሪው ባይገባው ስክሪኑ አይጠብቀውም። መምህሩም ለማብራራት የተተወለት ጥቂት ደቂቃ ነው።

ሁለቱን ማነጻጸር ብዙ ያስተምራል። ባቡሩ የሚፈታና የሚገጠም፣ ሲበላሽ መንስኤው የሚፈለግ ነበር፤ በማያውቁት ቋንቋ ቢመጣም እጅ እየዳሰሰ ቋንቋውን አስከተለ። ፕላዝማው ግን የሚታይ እንጂ የሚነካ አልነበረም። ቴክኖሎጂ ወደ ክፍል ገባ፤ ልጆቹ ግን ቴክኖሎጂ ተማሩ ለማለት ያዳግታል።

አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር በጥቅምት 2016 በአዲስ አበባ፣ በጥር 2017 ደግሞ በጅቡቲ ተመርቆ፣ በ2018 መጀመሪያ ሙሉ አገልግሎት ጀመረ። መነሻውም በአሮጌው ጣቢያ ፈንታ ናጋድ ሆነ። አሠራሩን ቻይናውያን ይዘው ከቆዩ በኋላ፣ በ2024 ለሁለቱ አገሮች ባለሙያዎች አስረክበዋል። ይህም ትልቅ እርምጃ ነው። ነገር ግን ያው የቀድሞው ጥያቄ አብሮት መጥቷል፦ ይህ እውቀት በማን ቋንቋ ይጻፋል? ለማንስ ይወርሳል?

ለመካከለኛ ደረጃ ልጆች

የኢትዮጵያ አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት 7ኛና 8ኛ ክፍልን መካከለኛ ደረጃ ብሎ ለይቷል። በዚህ ደረጃም የኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂና የክወናና እይታ ጥበባት ትምህርት ይሰጣል። እነዚህ ሁለቱ ተገናኝተው ቢሰጡ፣ ልጁ ምስል መሥራትን፣ ድምፅ መቅዳትንና ማቀናበርን ከኮምፒዩተሩ አሠራር ጋር አብሮ ይማራል። ፊደላችንም ከ1999 ጀምሮ በዓለም አቀፉ የኮምፒዩተር ፊደላት ሥርዓት፣ በዩኒኮድ ውስጥ ስለገባ፣ በገዛ ቋንቋው ለመጻፍ የሚያግደው የለም። ‘ድረ ገጽ’ን የመሰለ ቃል ፈጥሮ ማስለመድ እንደሚቻልም አይተናል።

ለዚህ ትምህርት ከባቡሩ የተሻለ ርእስ አይገኝም። በድሬዳዋ፣ በአዋሽ፣ በጅቡቲ ያሉ ተማሪዎች በሕይወት ያሉትን የባቡር አንጋፋዎች ድምፅና ምስል ይቅረጹ፤ የመሣሪያዎቹን ስም በሠራተኞቹ አጠራር ይመዝግቡ፤ የእንፋሎቱን አሠራር በተንቀሳቃሽ ሥዕል ይሥሩት። እሳቱ ውኃውን እንዴት ወደ እንፋሎት እንደሚለውጥ በስክሪን ላይ ለማንቀሳቀስ የሞከረ ልጅ፣ ነገሩን በትክክል ሳይረዳ ሊጨርሰው አይችልም። የወላጆቹ አባቶች በእጃቸው የተማሩትን እርሱ በሥዕልና በገዛ ቋንቋው ያስቀምጠዋል።

ይህ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፤ አንድ ኮምፒዩተር፣ ድምፅ የሚቀዳ ስልክና ፈቃደኛ መምህር ይበቃሉ። የማይጠብቀን ጊዜው ነው። ፈረንሳይኛውንም ሙያውንም አብረው የያዙት ሰዎች ዕድሜያቸው ገፍቷል። ዛሬ ካልተጠየቁ፣ ነገ የሚጠየቅ ሰው አይኖርም።