ዶላር ሳይመጣ፣ ጠገራ እያለ

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የብርን ምንዛሬ ለገበያ ሲለቅቅ ብዙዎቻችን «በታሪካችን የመጀመሪያው» ብለን አወራን። አይደለም። ገንዘባችን ከመቶ ዓመት በላይ ተንሳፍፎ ኖሯል። አዲሱ ነገር ተመን በመንግሥት መቆረጡ ነበር፤ እሱም ከ1937 ዓ.ም. ወዲህ ነው።

ከቃሉ እንጀምር። «ብር» ማለት መጀመሪያ ማዕድኑ ነው። በመንዝ፣ በግሼና በመርሐቤቴ፣ በጠቅላላው በሸዋ፣ ገበሬና ነጋዴ ጠገራ የሚለው የኦስትሪያዋ ንግሥት የማሪያ ቴሬዛ ምስል ያለበትን ገንዘብ ነው። ክብደቱ 28 ግራም ገደማ፣ ከስድስት እጁ አምስቱ ንጹሕ ብር። ንግሥቲቱ በ1780 እ.ኤ.አ. ከሞተች በኋላ እንኳ የሚታተመው ሁሉ ያችኑ ዓመት እንደያዘ ይወጣ ነበር። በእኛ በኮድ ጸሐፊዎች አነጋገር፣ ቨርዥኑን የሚነካ ቢመጣ ተጠቃሚው ጥሎት ይሄዳል።

ተጠቃሚው ደግሞ ቀላል ሰው አልነበረም። ጠገራ ሲሰጡት አገላብጦ ያያል፤ የንግሥቲቱ ጌጥ ላይ ያሉትን ፍሬዎች ይቆጥራል፤ ፊቷ ካለቀ አልቀበልም ይላል። ባንክ የለ፣ ማኅተም የለ፣ ማረጋገጫው ዓይኑና እጁ ነው።

ችግሩ ጠገራ ትልቅ ገንዘብ መሆኑ ነበር። ለትንንሽ ግብይት ዝርዝሩ አሞሌ ጨው ነው። አሞሌ ከሰሜን አፋር ጨው ሜዳ ተቆርጦ በግመል፣ በአህያና በበቅሎ ይጓዛል፤ ከምንጩ በራቀ ቁጥር በአንድ ጠገራ የሚገኘው አሞሌ ያንሳል። መንገድ ሲከፋም ዋጋው ይወደዳል። ማንም ቢሮ ተቀምጦ አልወሰነውም። አንድ አገር ውስጥ፣ በአንድ ቀን፣ ብዙ ምንዛሬ ነበር ማለት ነው።

ውጭውም ያው ነው። የጠገራ ዋጋ በዓለም ገበያ ካለው የብር ማዕድን ዋጋ ጋር ይወጣል ይወርዳል። አጼ ምኒልክ ፓሪስ ያስመቱት፣ 1887 ዓ.ም. የሚል ጽሑፍ ያለበት ብር ክብደቱ ከጠገራው ጋር እኩል ነበር ማለት ይቻላል፤ የራሳቸው ምስልና የአንበሳው ምልክት አለበት። ሕዝቡ ግን ጠገራውን አልተወም። ጣሊያንም በወረራው ዘመን ሊሬውን ይዞ መጥቶ ተመን ሲያወጣ ገበያው የወረቀቱን ተመን አልተቀበለውም። የሮም መንግሥት ራሱ የማሪያ ቴሬዛን ገንዘብ ማተም ግድ ሆነበት። ወራሪ በጠመንጃ መንገድ ይይዛል፤ ምንዛሬን ግን እንዲህ በቀላሉ አይይዝም።

ከነጻነት በኋላ ደግሞ ጠገራውና የምሥራቅ አፍሪካ ሺሊንግ ጎን ለጎን ይዘዋወሩ ነበር። ሐምሌ 16 ቀን 1937 ዓ.ም. አዲሱ የኢትዮጵያ ገንዘብ ወጣ። በአማርኛ «ብር»፣ በእንግሊዝኛው ግን «የኢትዮጵያ ዶላር»። ዋጋው በወርቅ ተቆርጦ 1 የአሜሪካ ዶላር 2 ብር ከ48 ሳንቲም ገደማ ሆነ፤ በሺሊንግ ደግሞ 1 ብር 2 ሺሊንግ። ወረቀቱን ለማያምነው ሕዝብ የ50 ሳንቲሙ ዝርዝር ከብር ማዕድን ተሠራ። መንግሥትም ሕዝቡን ያውቀዋል።

እዚህ ላይ ነው ታሪኩ የሚዞረው። ተመኑ ከዚያ በኋላ ከገበያ ወደ ወረቀት ገባ። በ1965 ዓ.ም. ዶላር 2 ብር ከ7 ሳንቲም ሆነና እስከ 1985 እዚያው ተቸነከረ። መንግሥት ተለወጠ፣ ድርቅ መጣ፣ ጦርነት መጣ፤ ቁጥሩ ግን ኮድ ውስጥ በእጅ እንደተጻፈ ቋሚ እሴት ንቅንቅ አላለም። ጥቁር ገበያው ግን እየተንቀሳቀሰ ነበር። በ1985 አንድ ዶላር 5 ብር ሲባል፣ ባንኩ ገበያው ቀድሞ የሄደበትን መንገድ ነው የተከተለው። ከዚያ በ2002 መጨረሻ ከ13 ወደ 16 ብር፣ በጥቅምት 2010 ከ23 ወደ 27 ብር ገደማ፣ በ2016 ሐምሌ ከ57 ብር ተነሥቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 በላይ።

«ይሄ ሞላሌ ላለ ገበሬ ምኑ ነው?» ማለት ይቻላል። ብዙ ነገሩ ነው። ምንዛሬ ሁለት ሲሆን፣ በባንኩ ዋጋ ዶላር ያገኘ ሰው ልዩነቱን ያለ ላብ ይወስዳል፤ የመንዝ ገበሬ ደግሞ ወረፋው ውስጥ የለም። በርካሽ ዶላር የገባ ብርድ ልብስ በአገሩ በግ ጠጉር ከሚሠራው ባና ጋር ይፎካከራል። ምንዛሬው ሲለቀቅ ደግሞ ባናው ትንሽ ፋታ ሊያገኝ ይችላል፤ ግን ማዳበሪያውም በዶላር ነው የሚገዛው፣ የመኪናው ነዳጅም እንዲሁ። ልጁ ዓረብ አገር ያለችለት ቤተሰብ ቁጥሩ ሲያድግ ይተነፍሳል፤ ጎረቤቱ፣ ከገብስና ከበግ ሌላ የሌለው፣ የዘይቱን ዋጋ ብቻ ያያል። አንዱ ቁጥር ለሁለት አጥር ተጋሪዎች ሁለት ዜና ነው።

ስለዚህ ጥያቄው «ይንሳፈፍ ወይስ ይቸንከር» ብቻ አይመስለኝም። ጠገራም ይንሳፈፍ ነበር፤ ግን ገበሬው ፍሬውን ቆጥሮ፣ በእጁ መዝኖ፣ አልፈልግም የማለት መብት ነበረው። የዛሬውን ብር ማንም በእጁ መዝኖ አያረጋግጠውም። ማመሳከሪያው ባንኩ የሚነግረን ቃል ነው። የገበሬው መመዘን ወደ መንግሥት ከተዛወረ፣ መንግሥትም እንደዚያ ገበሬ ነገሩን አገላብጦ ማሳየት አለበት፦ ስንት ዶላር ገባ፣ ለማን ተሰጠ፣ በስንት። አለዚያ ሰዉ አባቶቹ ያደረጉትን ያደርጋል። የተነገረውን ተመን ትቶ የራሱን ይፈልጋል፤ ያለውንም ወደ በግ፣ ወደ ወርቅ፣ ወደ ዶላር ይለውጣል። ይሄ ደግሞ አላዋቂነት አይደለም፤ ጠገራ መቁጠር ነው፣ በሌላ መልኩ።