የአንድ ሌሊት ስልክ

ጋዜጠኛ ያለ ጥፋቱ ሲታሰር ሕዝብ ምን ማድረግ ይችላል ብለው የሚጠይቁኝ ወጣቶች አሉ። እኔም በምዕራብ ጀርመን የሆነውን ታሪክ አጫውታቸዋለሁ።

በኤውሮፓውያን አቈጣጠር በ1962 ዓ.ም. በኦክቶበር ወር፥ በሐምቡርግ ከተማ የሚታተመው «ዴር ሽፒገል» የተባለው መጽሔት የአገሩ ጦር ሠራዊት ለመከላከል በቂ ዝግጅት እንደሌለው የሚገልጽ ረጅም ጽሑፍ አወጣ። ነገሩን መርምረው ከጻፉት አንዱ ኮንራድ አህለርስ ነበር። ኦክቶበር 26 ቀን ማታ ፖሊሶች የመጽሔቱን ቢሮ ያዙ። አህለርስም ከሚስቱ ጋር ለዕረፍት ወደ እስፓኝ ሄዶ ነበርና በዚያው ሌሊት በሆቴሉ ሳለ ታሰረ። የመጽሔቱ ባለቤት ሩዶልፍ አውግሽታይን ራሱ ሄዶ እጁን ሰጠ፤ 103 ቀንም በእስር ቤት ቈየ። የተከሰሱበት ነገር አገርን መክዳት ነው።

መጽሔቱ ምላሱ የሚፋጅ ነበርና የሚጠሉት ብዙዎች ነበሩ። ሆኖም «ሽቴርን» እና «ዲ ሳይት» የተባሉት ጎረቤቶቹ፥ በገበያ ከእርሱ ጋር የሚሻሙት ማለት ነው፥ ክፍልና የጽሕፈት መኪና አበደሩት፤ መጽሔቱም ሳይቋረጥ ወጣ። እኔ ከታሪኩ ሁሉ አብልጬ የምወደው ይህን ነው። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችም በየከተማው አደባባይ ወጥተው ጮኹ።

የመከላከያው ሚኒስትር ፍራንዝ ዮሴፍ ሽትራውስ ግን በነገሩ እጄ የለበትም አሉ። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል እንዲሉ፥ የተቃዋሚው ወገን እንደራሴዎች በምክር ቤት ሦስት ቀን ሙሉ ያንኑ ጥያቄ እየመላለሱ ቢጠይቋቸው፥ ማድሪድ ወዳለው የጦር አታሼ በሌሊት ስልክ የደወሉት እርሳቸው ራሳቸው መሆናቸውን ኖቬምበር 9 ቀን አመኑ። እንግዲህ አገሩን ካደ የተባለው ጋዜጠኛ በወህኒ ሳለ፥ እውነቱን የካዱት ሰው በሚኒስትር ወንበር ተቀምጠው ነበር።

ሚኒስትሩን የጣላቸው ጩኸቱ ብቻ ነው ብዬ አላጋንንም። የፍርድ ሚኒስትሩ የሌላው የጥምር መንግሥት ፓርቲ ሰው ነበሩ፤ ነገሩ ሲሠራ ግን አልተነገራቸውም። ስለዚህ ኖቬምበር 19 ቀን የዚያ ፓርቲ አምስት ሚኒስትሮች ሥራቸውን ለቀቁ። ሽትራውስም በዲሴምበር ከሥልጣናቸው ወረዱ። በ1965 ዓ.ም. ከፍተኛው ፍርድ ቤት አህለርስንና አውግሽታይንን ለፍርድ የሚያቀርብ በቂ ማስረጃ የለም ብሎ ክሱን ዘጋ።

ለወጣቶቹ ይህን ስነግራቸው ይደሰታሉ፤ የመጨረሻውን ስጨምርላቸው ግን ዝም ይላሉ። በ1966 ዓ.ም. አዲስ መንግሥት ሲቆም ሽትራውስ የገንዘብ ሚኒስትር ሆነው ተመለሱ። የዚያው መንግሥት ምክትል ቃል አቀባይ ሆኖ የተሾመውም ኮንራድ አህለርስ ነበር።